በአቡጀዲ ላይ የዳርናት ልጅ

አንዲት ሴት በአንዱ ፊልም ወንድሜ ብላ አንገቱን አቅፋ ያለቀሰችለትን ሰው በሌላው ፊልም ላግባህ ብትለው ኃጢአቱ የማን ነው? የእሷ ነው? ፊልሙን ጭኖ ያመጣው የመኪናው ነው? ወይስ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ያየነው የእኛ? ይህን ጥያቄ ከጥር ጀምሮ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ ሠላሳ ስግደት አዘዙኝ፤ ስግደቱ ለጥያቄው ይሁን ለጠያቂዋ አልገባኝም። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ቢሆንም በሰቆጣ ከተማ መልስ ያጣ ጥያቄ ኮሚቴ አያጣምና፣ በሥልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት የሆነውን በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

በቅድሚያ ግን ስሜ እንዳይጠፋ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ እኔ ፊልም አልወድም። የፊልሙ መኪና በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ በኮረም በኩል አቧራውን እያስነሣ ይመጣል። መጀመሪያ ስለ ወባና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ያሳየናል፤ ያንን በትዕግሥት ለቻልን ደግሞ አንዳንድ ዓመት የፍቅር ፊልም ይመረቅልናል። የሚታየው በቀን፣ በማዘጋጃ ቤቱ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮቶቹ በጋቢ ይሸፈናሉ፣ ነጭ አቡጀዲ ከግድግዳው ላይ ይወጠራል፣ ሕዝቡም በገብስ ጆንያ ላይ እንደየማዕረጉ ይቀመጣል። በስምንት ዓመት ውስጥ አምስት የፍቅር ፊልም መጥቷል። አምስቱንም አይቻለሁ። ያየሁት የልጅ ልጄን ጥሩሐረግን ለመጠበቅ ነው። እናቷ በወሊድ ከሞተችብኝ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝና፣ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዋን እንድታይ ልቤ አልፈቀደም። ሁለቱን ፊልም እንዲያውም እሷ ጉንፋን ይዟት ተኝታ ሳለ ብቻዬን ሄጄ ጠብቄያታለሁ። በአቡጀዲው ላይ ያሉት ሰዎች ሊተቃቀፉ ሲጠጋጉ "ሸፈን በይ" እላታለሁ፣ እሷም በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍናለች፤ ማለፉን የሚነግራት ሰው ስለሚያስፈልግ እኔ እስኪያልፍ ድረስ አያለሁ።

ስለዚህ ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ የፍቅር ፊልም የማውቀው ሁሉ በግዴታ የተገኘ እውቀት ነው። አሮጌው ጥቁርና ነጭ ነው። በአሮጌው ፊልም ሰው ሲዋደድ ይታመማል። ልጁ ያስላል፣ ልጅቱ ሻማ ይዛ በመስኮት ታያለች፣ አባቷ አይሆንም ብሎ በከዘራው ወለሉን ይመታል፣ ከዚያ ሁሉም ያለቅሳሉ። ጨዋነቱ ደስ ይላል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲዋደዱ ውለው እጅ ለእጅ የሚያያዙት አንደኛው ሊሞት ሲል ነው። አዲሱ ፊልም ቀለም አለው። በአዲሱ ፊልም ሰው ሲዋደድ ይሮጣል። የሚያሳድዳቸው የለም፣ ግን ይሮጣሉ፤ ዛፍ ሲያገኙ ይዞሩታል። ዝናብ ይመጣል፣ አይጠለሉም። እኔ ጆንያዬ ላይ ሆኜ "ኧረ ይህ ብርድ ሳንባቸው ውስጥ ይገባል" እያልሁ እጨነቃለሁ፣ እነሱ ይዘፍናሉ። ከበሮው ይሰማል፣ የሚመታው ሰው ግን የለም። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት ጊዜ ልብስ ትለውጣለች፤ ማን እንደሚያጥብላት አይታይም። ሲበሉ አይተናቸው አናውቅም፤ ጉንጫቸው ግን ሙሉ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ በአሮጌውም በአዲሱም ሽማግሌ የሚልክ አለመኖሩ ነው። ዘር የሚቆጥር የለም። ልጁ ያንቺ ነኝ ይላል፣ እሷ ያንተ ነኝ ትላለች፣ በቃ አለቀ። እኛ በግ ስንገዛ እንኳ ከማን መንጋ እንደመጣ እንጠይቃለን።

ፊልሙ የሚናገረው የሩቅ አገር ቋንቋ ነው። ወደ አማርኛ የሚመልስልን የመኪናው ሰው ዘበነ ነው፤ የደሴ ልጅ፣ አፉ የማይደርቅ፣ በድምፅ ማጉያ ያሰማናል። ከኋላ የተቀመጡት የባላገር ሰዎች ደግሞ አማርኛው ስለሚፈጥንባቸው፣ ጎረቤቴ አያ ገብረ ኪዳን ወደ አገራቸው ቋንቋ ወደ ኽምጣንጋ ይመልስላቸዋል። አያ ገብረ ኪዳን ጊዜ ማባከን አይወድም። ሁለቱ ሰዎች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያለቃቅሱ "ገና አልተስማሙም" ብሎ ይዘጋዋል። የሚገርመው ከኋላ ያሉት ከእኛ ይልቅ ረክተው ይወጣሉ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በሥልሳ ዓመተ ምሕረት የመጣው ፊልም የእህትና የወንድም ፊልም ነበር። ከንፈሯ አጠገብ ጥቁር ነጥብ ያላት አንዲት ቆንጆ፣ ከባቡር ወርዶ የመጣ ጢማም ጎረምሳ ላይ ተጠምጥማ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ዘበነም በድምፅ ማጉያው "ወንድሟ ነው፤ በልጅነታቸው ተለያይተው አሁን መገናኘታቸው ነው" አለን። ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም። አያ ገብረ ኪዳን በአንድ መደብ መሬት ምክንያት ዐሥራ አንድ ዓመት ካኮረፈው ወንድሙ ጋር እዚያው ጆንያው ላይ ተላቅሶ ታረቀ፤ መሬቱንም እኩል ተካፈሉ። የደብሩ አለቃ ወልደ ሐዋርያት እንኳ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ሳለ በመነሳንሳቸው ፊታቸውን ሲጠራርጉ ታይተዋል። እንዲህ ያለ ጥቅም ያለው ፊልም አይተን አናውቅም።

ሁለት ዓመት አለፈ። በሥልሳ ሁለት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በቤቴ አንድ ነገር መጣ። የትምህርት ቤቱ መምህር ምንዋጋው ለጥሩሐረግ ሽማግሌ ላከ። ምንዋጋው የጋዝጊብላ ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የማይጠጣ፣ ሰው አክባሪ። እንከን ባጣሁበት ቁጥር ሐሳቤ በዛ። ጥሩሐረግም ስሙ ሲነሣ ወጥ ታሳርራለች። የሽማግሌዎቹ መሪ አያ ገብረ ኪዳን ነበር፤ ዘር የሚቆጥሩት ደግሞ በዋግ ምድር ማን የማን ቅድመ አያት እንደሆነ በቃላቸው የሚያውቁት አለቃ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። እዚያው ቤቴ ተቀምጠው፣ አንድ ዋንጫ ጠላ ሳይጨርሱ፣ ስድስት ቤት ቆጠሩ፤ ዝምድና አልተገኘም። ሰባተኛውን የሚያውቁት ጋዝጊብላ ያሉ አንዲት ባልቴት ብቻ ናቸው፤ ማለዳ የተነሣ ሰው ጠይቋቸው ማታ ቤቱ ይገባል።

"ስድስቱ ንጹሕ ነው፤ ሰባተኛው ምን ይሆናል ብለሽ ነው?" አለኝ አያ ገብረ ኪዳን።

"ሰባት ነው ሕጉ" አልሁ። "እኔ ስድስት ነው ያለ ሰው አላውቅም።"

"እንግዲያው አለቃ ይሂዱና ጠይቀው ይምጡ። ልጁ ወደ ኒሯቅ ተዛውሯል፤ ጾሙ ሳይገባ ከዚህ መነሣት አለበት። ጾም ከገባ ሠርግ የለም።"

ነገሩ ይኸው ነው። አለቃ አንድ ቀን ጋዝጊብላ ደርሰው ከተመለሱ ልጄ ትዳራለች፤ ካልሄዱ ልጁ ብቻውን ይሄዳል። ኒሯቅ ደግሞ ቆላ ነው። ሙቀት አለ፣ ወባ አለ፤ ወባውን እኔ በየዓመቱ በፊልም አይቼዋለሁ። የጥሩሐረግ ደረት ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው። ይህን ሁሉ ግን ለሽማግሌዎቹ አልተናገርሁም፤ ሕግ ሲኖር ሰበብ ማብዛት ደግ አይደለም።

አለቃ ሊሄዱ በተቆረጠው ቀን ዋዜማ የፊልሙ መኪና ደረሰ።

የዚያ ዓመት ፊልም ባለ ቀለም ነበር። መብራቱ በራ፣ አቡጀዲው ደመቀ፤ አንዲት ቆንጆ ከአበባ መካከል እየሮጠች መጣች። ከንፈሯ አጠገብ ጥቁር ነጥብ አለ። "ይችን ሴት አውቃታለሁ" አልሁ በልቤ። በወዲያ በኩል ደግሞ አንድ ጢማም ሰው እየሮጠ መጣ። ዘበነ በድምፅ ማጉያው "ይህ እጮኛዋ ነው፤ በፍቅሯ ተቃጥሎ..." ሲል እኔ ከጆንያዬ ተነሥቼ ቆሜአለሁ። መብራቱ በጀርባዬ መጣ፤ ጥላዬ አቡጀዲው ላይ ወድቆ ሁለቱ ሊተቃቀፉ ሲሉ ለያቸው።

"ወንድሟ ነው" አልሁ። "በሥልሳ ዓመተ ምሕረት ያለቀስንለት ወንድሟ ነው።"

አንድ ሰው "እውነትም ጢሙ ያው ነው" አለ። ከዚያ ጩኸት ሆነ። ግማሹ ዐይኑን ሸፈነ፤ ሌላው ያልሸፈነው ለምስክርነት እንዲመች ነው። በቦታው የነበሩት የከተማው ሹም ብልህ ሰው ስለሆኑ ፊልሙ ሠርጉ ሳይደርስ እንዲቆም አዘዙ። በማግስቱ የሚከተለው ደብዳቤ ወጣ፦ "በከተማችን በታየው ፊልም ላይ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የጋብቻ ዝንባሌ በመታየቱ፣ ጉዳዩ በጥልቀት ተጠንቶ እስኪቀርብ ድረስ ፊልሙ በአደራ እንዲያዝ፣ ተዋዳጆቹም ባሉበት እንዲቆዩ፣ ይህንንም የሚከታተል የፊልም ዝምድና አጣሪ ኮሚቴ መቋቋሙ ይታወቅ።" ሰብሳቢ አለቃ ወልደ ሐዋርያት፣ አባል አያ ገብረ ኪዳን፣ ጸሐፊ የማዘጋጃ ቤቱ ደጅይጥኑ። እኔ ጉዳዩን ያነሣሁ በመሆኔ፣ ፊደልም ስለ ቆጠርሁ፣ አባል ተደረግሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ማዕረግ ይመጣብኛል ብዬ አላሰብሁም።

ደጅይጥኑን ሳላመሰግን ባልፍ ወቀሳ ይሆንብኛል። ይህ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ "በአጀንዳ እንያዘው" የሚል ነው። የኮሚቴውን የመጀመሪያ ስብሰባ በንግግር ሲከፍት "ይህ ትውልድ በታሪክ ፊት የሚጠየቅበት ሰዓት ደርሷል" አለ፤ ቀጥሎም መስኮቱን የከፈተ ሰው እንዲዘጋው ጠየቀ። የመጀመሪያው ውሳኔ የሴትዮዋና የሰውየው ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የሚል ሆነ። ይህንን ሥራ ደግሞ በዋግ ምድር ከአለቃ በቀር የሚችለው ስለሌለ፣ የጋዝጊብላው መንገድ ለጊዜው ተላለፈ።

ጥሩሐረግ በየማታው ራት ስታቀርብልኝ ትጠይቀኛለች።

"እምዬ፣ አለቃ ጋዝጊብላ መቼ ነው የሚሄዱት?"

"ሥራ በዝቶባቸዋል ልጄ።"

"ምን ሥራ?"

"የዚያችን ሴት ዘር እየቆጠሩ ነው።"

"የየትኛዋን ሴት?"

"የአቡጀዲዋን።"

ወጡን እየጨመረችልኝ "እሷም ኒሯቅ ልትሄድ ነው?" ትለኛለች። ይህ አነጋገር ያሳስበኝ ነበር። ፊልም ያመጣው አነጋገር ነው።

ቆጠራው ከባድ ሆነ። በአዲሱ ፊልም ከዘራ የያዘ አንድ ወፍራም ሰውዬ አባቷ መሆኑ ታወቀ፤ ይህ አንድ ቤት ነው። "የሰውዬውስ አባት ማን ይባላል?" ብለው አለቃ ጠየቁ። ከሰቆጣ ሰው የሚያውቅ ጠፋ። የጨው ነጋዴዎች ተጠየቁ፤ ከቆቦ የመጣ ልብስ ሰፊ ተጠየቀ፤ አንድ በባሕር በኩል ሀገር አይቻለሁ የሚል ሽማግሌ ከአምደወርቅ ድረስ ተጠርቶ መጣና፣ ሦስት ቀን ከበላ ከጠጣ በኋላ ያየው ባሕር ጣና መሆኑን ተናገረ። ወደ ደሴ ደብዳቤ ተጻፈ፤ "የሴትዮዋ አያት፣ ቅድመ አያትና ምንጅላት ስም በአስቸኳይ ተጣርቶ ይላክልን" የሚል። መልስ አልመጣም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ የካቲት ገባ፤ ከሰባቱ ቤት አንዱ ብቻ ተቆጠረ።

በዚህ መካከል ምንዋጋው ኮሚቴው ወደሚሰበሰብበት ክፍል መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"አለቃ፣ የኔን አንዷን ቤት ቢቆጥሩልኝ" አለ።

ደጅይጥኑ መዝገቡን ገለጠ። "ማመልከቻ አስገብተሃል?"

"አላስገባሁም።"

"አስገባ። ተራ ቁጥር ሁለት ትሆናለህ።"

"ተራ ቁጥር አንድ እነማን ናቸው?"

"በአደራ የተያዙት ተዋዳጆች።"

ምንዋጋው ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ "እነሱ መቼ ነው የሚሄዱት?" አለ።

"የትም አይሄዱም። በቆርቆሮ ታሽገው እኔ ዘንድ ነው ያሉት።"

"እኔ የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ" አለ። ወደ እኔ ዞሮ "እማማ ወለተ ሰንበት፣ ለጾሙ የቀረው አንድ ሳምንት ነው" አለኝ። እኔ የኮሚቴ አባል በመሆኔ በግል ጉዳይ ላይ መናገር የማይገባኝ መሆኑን አስረዳሁት። እጅ ነሥቶ ወጣ። በጣም የተቀጣ ልጅ ነው፤ ይኸው ነው የሚያስፈራው።

እንደ እውነቱ ከሆነ በልቤ ሌላም ነገር ነበር። ሰባተኛው ቤት ቢቆጠር ስምንተኛ እንደምፈልግ አውቀው ነበር። ይህ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።

በመጨረሻ የዘበነ ምስክርነት እንዲሰማ ተወሰነ። ፊልሙ በመያዙ ሦስት ሳምንት በየቤቱ እየተጋበዘ ወፍሮ ነበር። አለቃ መስቀል አስመትተው ካስማሉት በኋላ ጠየቁት።

"በሥልሳ ዓመተ ምሕረት ወንድሟ ነው አላልህም?"

"ብያለሁ አለቃ።"

"ዘንድሮስ?"

"እጮኛዋ ነው አልሁ።"

"መቼ ተለወጠ?"

"አልተለወጠም። ያኔም እጮኛዋ ነበር።"

"ታዲያ ወንድሟ ለምን አልህ?"

ዘበነ አንገቱን አከከ። "እርስዎ ከፊት ረድፍ ነበሩ። ሰውየው ከባቡር ሲወርድ ሴትዮዋ ተጠመጠመችበት። ማሳያ መኪናው ደግሞ እስካስብ አይጠብቀኝም። አፈርሁ። ወንድሟ ነው አልሁ።"

"በኋላም ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንድሟ እያልህ ነው የቀጠልኸው?"

"አንዴ ካልሁ በኋላ ምን ላድርግ? በመጨረሻ ሲጋቡም የእናታቸው ተዝካር ነው ብያችኋለሁ።"

እውነት ነው፤ ለተዝካሩ አበባ በዝቶ አይቼ ነበር።

"ለመሆኑ ቋንቋውን ታውቀዋለህ?" አልሁት።

"አላውቅም እማማ።"

"ታዲያ ከምን ላይ ነው የምታወራልን?"

"ከፊታቸው።"

ማንም ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብሎ ያስባል። ወንድሟ አልነበረም፤ ፊልሙ ይለቀቅ፤ አለቃ ነገ ጋዝጊብላ ይሂዱ። ኮሚቴ ግን የተሠራው እንዲህ ላለው ችኩልነት አይደለም። አያ ገብረ ኪዳን ፊቱ ተለዋውጦ ተነሣ።

"ወንድሟ ካልነበረ የኔ እርቅ ምን ሊሆን ነው?" አለ። "እኔ እኮ ከወንድሜ የታረቅሁት እነሱን አይቼ ነው። መሬቱን አካፍያለሁ። አሁን ይህን ቢሰማ 'በውሸት ነው የታረቅኸኝ' ይለኛል። ወይስ መሬቴ ይመለስልኛል?"

ነገሩ አሳሳቢ ነበር። ደጅይጥኑም "በሥልሳ ዓመተ ምሕረት በሕጋዊ መንገድ የፈሰሰ እንባ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሰረዝ አይችልም" የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ የተወሰነው እነሆ፦ አንደኛ፣ ሁለቱ ሰዎች አብሮ አደግ ናቸው፤ ስለዚህ በሥልሳ ወንድሟ መባሉም፣ በሥልሳ ሁለት እጮኛዋ መባሉም ትክክል ነው። ሁለተኛ፣ ያልተቆጠሩት ስድስት ቤቶች አገሩ ሩቅ ስለሆነ በይሁን ታልፈዋል። ሦስተኛ፣ በፊልሙ ውስጥ ሽማግሌ ያልተላከ በመሆኑ ጉድለቱ በከተማው በኩል ይሟላ፤ በልጁ ወገን አያ ገብረ ኪዳን ሽማግሌ ሆኖ ይቁም፤ በልጅቱ ወገን እናት ስላልታየች ወለተ ሰንበት የእናቷን ቦታ ይዛ ትስጥ።

ቅዳሜ ሆነ። ማግስቱ የጾሙ መያዣ ነው። ወደ መጋዘኑ ስንሄድ ምንዋጋው በአጥሩ ጥግ በቅሎውን ሲጭን አየሁት፤ ሁለት የመጽሐፍ ሣጥን፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ፋኖስ። ጥሩሐረግም አየችው። እኔም "ነጠላሽን ደርቢ፣ ንፋስ አለ" አልኋት።

መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ አራት ሳምንት ሙሉ የፊልሙን መጨረሻ ሲመኝ የከረመ ሕዝብ ነው። ዘበነ ፊልሙን አስጀመረ። አባትየው አይሆንም ብሎ በከዘራው ወለሉን መታ። በዚህ ጊዜ ዘበነ በኮሚቴው ትእዛዝ መሠረት ማሳያ መኪናውን አቆመ፤ አቡጀዲው ባዶ ሆኖ ነጣ። አያ ገብረ ኪዳን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከፊቱ ቆመ። እኔ በወዲያ በኩል ወንበር ተሰጠኝ።

"ተቀመጡ እንጂ" አልሁ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ አያ ገብረ ኪዳን። "ለልጃችን ልጃችሁን እንድትሰጡን ነው የመጣን።"

ሥርዓቱ እንዲፈጸም ሁለት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ግን ሕዝቡ ያየኛል፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ከዚህ በፊት በወንዶች ጉባኤ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ደረቴን ሞቀኝና ጀመርሁ።

"ሰምተናል" አልሁ። "አባቷ ወለሉን ቢመታ አትቀየሙት፤ ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ልጅ ሲሄድ ቤት ይቀዘቅዛል። ይበርዳት ይሆን፣ ትታመም ይሆን፣ ማን ውሃ ያቀብላታል እያሉ ማደር አለ። እንግዲህ ፈርተን ብናስቀራት የምናስቀራት ለእሷ ብለን አይደለም፤ ለራሳችን ነው። ልጃችን ወዳዋለች፤ ዐይኗን አይተናል። ስድስቱ ቤት ይቅር። አገሩ ቢርቅ ይራቅ። ውሰዷት፤ እህል ውሃችሁ ይቅና።"

መጋዘኑ በእልልታ ተናወጠ። የገብስ ትቢያ ከጣሪያው ወረደ። አለቃ ባረኩ። ከኋላ ላሉት አያ ገብረ ኪዳን ወደ ኽምጣንጋ ዞሮ "ተስማሙ" አለ፤ እነሱም አጨበጨቡ። ዘበነ ማሳያውን አስነሣ፤ ሠርጉ በቀለም መጣ፤ እኔም የእናቷን ቦታ ይዤ እንደሚገባ አለቀስሁ። ቀና ስል ሕዝቡ ሁሉ አቡጀዲውን ያያል። ጥሩሐረግ ብቻ እኔን ታያለች። ፊቷን አልሸፈነችም።

ቤት ስንገባ ከቀትር በኋላ ነበር። ሰው በመንገድ እያስቆመ "እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅዎን በክብር ዳሩ" ሲለኝ ስለመጣ ዘግይተናል። መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ጥሩሐረግ ከፊቴ ቆመች።

"እምዬ።"

"እመት።"

"የእሷ ስድስቱ ቀርቶ ነው የተፈቀደላት?"

"አገሩ ሩቅ ነው ልጄ። ማን ይቆጥረዋል?"

"የኔ የቀረው አንዱ ነው።"

"የአንቺማ ቁም ነገር ነው። ያ እኮ ጨዋታ ነው፣ አቡጀዲ ነው። የአንቺ በአግባቡ ይቆጠራል። ጾሙ ይውጣ፣ ፋሲካ ይለፍ፣ አለቃም አሁን ደክሟቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ክረምቱን ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው። ለመስከረም ግን..."

"አሁን ያሉት ለማን ነው?"

"የቱን?"

"ፈርተን ብናስቀራት ያሉትን።"

ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ ቢሆን በቀጣዩ ስብሰባ ይታይ እል ነበር። "ኒሯቅ ሙቀት ነው" አልሁ። "ደረትሽን ታውቂዋለሽ። ውሃው ራሱ..."

እየተናገርሁ ሳለ ሣጥኗን ከፈተች። አዲሱን ቀሚሷን አውጥታ በመቀነት አሰረችው። እኔ ስለ ውሃው ቀጠልሁ፤ ተፈልቶ ካልተጠጣ ሆድ እንደሚያሳምም፣ ማታ ማታ በር እንደሚዘጋ፣ ቆላ ላይ ጊንጥ ጫማ ውስጥ እንደሚገባ፣ ከመልበስ በፊት መራገፍ እንዳለበት ሁሉ ነገርኋት። ጨርቁን ብብቷ ሥር ያዘች። ከፊቴ ተንበረከከችና እንደ ሙሽራ ወግ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን ጉልበቴን ሳመች። ከንፈሯ ሞቃት ነበር፤ ትኩሳት ይሁን ብዬ ግንባሯን ልነካ እጄን ዘረጋሁ። ተነሥታ ነጠላዋን ደረበች፤ በሩን ከፈተች፤ በቅሎው ወደ ተጫነበት ወደ አጥሩ ጥግ ወጣች።